ማር ብርሃንን ወደ ግራ ያዞራል

በለቅሶው ድንኳን የሕይወት ታሪኳን ያነበበው ሰው «ትሑት፣ ዝምተኛ፣ ከማንም ጋር ተጣልታ የማታውቅ» አላት። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ሁለት የቀድሞ ተማሪዎቿ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ለቀስተኛው ሲቃ የያዛቸው መስሎት በሐዘኔታ አያቸው። እኔ ግን የትከሻቸውን አነቃነቅ አይቻለሁ፤ ሳቅ ነበር።

መምህርት ለተኪዳን ትሑት አልነበረችም። ዝምተኛ ነበረች ብሎ የጻፈው ሰውም ወይ አያውቃትም፣ ወይ ጆሮው ላይ ችግር አለ። ከማን ጋር ነው ያልተጣላችው? መቀሌ፣ ዓዲ ሓቂ ሰፈር ውስጥ «ስኳር የሌለው» የሚል ማስታወቂያ የለጠፈ ጁስ ቤት ሁሉ ያውቃታል። እኛ ሰው ሲሞትብን ጠባዩን አጥበን፣ ተኩሰን፣ አጣጥፈን ነው የምንቀብረው፤ ከዚያ በኋላ ለማን እንደምናለቅስ ለራሳችንም ግልጽ አይደለም። ይህን የምጽፈው ሴትዮዋን ከነጭቅጭቋ ለማስቀመጥ ነው። ብዙ ያሸነፉ ሰዎች አይቻለሁ፤ ማሸነፍ እንደ እሷ ያማረበት ግን አላየሁም።

ኬሚስትሪ አስተማሪ ነበረች፤ መጀመሪያ በሁለተኛ ደረጃ፣ ኋላም በዩኒቨርሲቲ። የምግብ ኬሚስትሪ ነበር ሞያዋ። እኔ ከመሀል አገር መጥቼ መቀሌ ማስተማር ስጀምር የተከራየሁት ክፍል እሷ ግቢ ውስጥ ነበር። በዕድሜ ትበልጠኛለችና የመጀመሪያ ቀን አንቱ አልኳት። «አንቱታውን ለዲኑ አስቀምጥለት፤ እሱ ይወደዋል» ብላ ከለከለችኝ።

በዚያ ሰሞን ስኳር መርዝ ነው የሚል አንድ ወፍራም መጽሐፍ አንብቤ ነበር። እንደ ማንኛውም አዲስ አማኝ ሌላውን ለማሳመን ቸኩያለሁ። ሻዬ ውስጥ ማር እያማሰልኩ «እኔ ስኳር ትቻለሁ» አልኳት።

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ጎመን?»

«ማር ነዋ! የተፈጥሮ ነው።»

«ስማ ሓወይ» አለችኝ። ሓወይ ወንድሜ ማለት ነው፤ ከእሷ አፍ ሲወጣ ግን የጥፊ ማስጠንቀቂያ ነበር። «ስኳር የአንድ ሰው ስም አይደለም፣ የዘር ስም ነው። ማር ውስጥ ግሉኮስ አለ፣ ፍሩክቶስ አለ። ሁለቱ እጅ ለእጅ ሲያያዙ ከሱቅ የምትገዛው ነጭ ስኳር ይሆናሉ። ንቧ ያደረገችው ማላቀቅ ነው። አንተ ስኳርን አልተውክም፤ አፋትተህ ነው የምትጠጣው።»

ከዚያ መነጽሯን አወለቀች፣ በነጠላዋ ጫፍ ቀስ ብላ ወለወለች፣ መልሳ አደረገች። በኋላ እንደገባኝ ይህ ልማዷ ነበር። የተሸነፈው ሰው መሸነፉ እስኪገባው ጊዜ ትሰጠዋለች።

ክፍል ውስጥ ስታስተምር ለማየት አንድ ሁለቴ ከኋላ ገብቼ ተቀምጬ አውቃለሁ። የጦርነቱ ዘመን ካለፈ በኋላ ላቦራቶሪው ውስጥ የቀረው ጠረጴዛውና የውሃ ቧንቧው ነበር፤ ቧንቧውም ውሃ የለውም። ሌላው መምህር ይህን ምክንያት አድርጎ ከሰሌዳ ላይ ያስገለብጣል። እሷ ሕምባሻ ይዛ ገባች። ለእያንዳንዱ ተማሪ ቁራሽ ዳቦ አደለችና «አኝኩ፤ እንዳትውጡ» አለች።

«ጾም ነው፣ መምህርት» አለ አንዱ ከፊት።

«ዳቦው የጾም ነው።»

«ሰዓቱ አልደረሰማ!»

«እሺ፣ አንተ ሰዓትህ ሲደርስ አኝክና ነገ ንገረኝ። ሌሎቻችሁ አኝኩ።»

አኘኩ። ለመዋጥ የቸኮለውን በጣቷ እየጠቆመች ትገሥጻለች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዲት ልጅ ዓይኗን ፈጠጥ አድርጋ «ጣፈጠኝ» አለች። ክፍሉ ተያየ። ሁሉም ጣፍጦታል።

«ሕምባሻው ውስጥ ስኳር አልጨመርኩም» አለች ለተኪዳን። «ስታርች ማለት ግሉኮስ ሰልፍ ይዞ ሲቆም ነው። ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ምላሳችሁ አያውቀውም። ምራቃችሁ ሰልፉን ሲበትነው ግን ከመካከሉ እየወጡ ሰላም ይሏችኋል። እንግዲህ ስኳር አልወድም፣ ዳቦ ብቻ ነው የምበላው የሚል ዘመድ ካላችሁ ይህን ንገሩት። በሶ እየጠጣ ስኳር የፈራውንም ንገሩት።»

ሌላ ቀን ማንኪያ ላይ ስኳር አድርጋ በሻማ አቃጠለችው። ከላይ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ደፍታ ያዘችበት። ብርጭቆው ላበው፤ ማንኪያው ላይ ጥቁር ነገር ቀረ። «ከሰልና ውሃ» አለች። «ካርቦሃይድሬት የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። የበቆሎ እሸትም፣ የበለስ ፍሬም፣ የልደት ኬክም ቢሆን ፀሐይ እንዲህ አድርጋ የገጣጠመችው ከሰልና ውሃ ነው።»

አንድ ተማሪ በውጤቱ ተናድዶ የፈተና ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ጣል ሲያደርግ ደግሞ ወረቀቱን አንስታ ወደ መስኮቱ ዘረጋችው።

«ከምን እንደተሠራ ታውቃለህ? ከግሉኮስ። ዳቦው ውስጥ ካለው ጋር አንድ ነው። እዚህ ግን እያንዳንዱ ለጎረቤቱ ተገልብጦ ነው የቆመው፤ ሴሉሎስ ይባላል። ያንተ ሆድ የዚህን ቋጠሮ መፍቻ የለውም። ቀዳማይ ወያነ ገበያ ካርቶን የምትበላውን ፍየል አይተሃታል? እሷም ብቻዋን አትችለውም፤ ሆዷ ውስጥ የሚፈቱላት ጥቃቅን ሠራተኞች አሏት። ፍየል ብትሆን ኖሮ ይህን ውጤትህን በልተህ ታድር ነበር። አሁን ግን ማጥናት ነው ያለህ ዕድል።»

ልጁ ሳይወድ ሳቀ።

ይህ ሁሉ ግን ወሬ ማሞቂያ ነው። ለተኪዳን ስትነሣ የማስታውሰው የኣደይ ኣብረኸትን ማር ነው፤ ኣደይ በትግርኛ እንደ እማማ ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው።

ኣደይ ኣብረኸት ቀዳማይ ወያነ ገበያ ማር የሚሸጡ፣ ከከተማው ዳር የራሳቸው ቀፎዎች ያሏቸው ሴት ነበሩ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ግቢያችን መጡ። ግቢው መካከል ተቀምጠን ነበርና ሁሉንም ሰማሁ።

«ለተኪዳን ጓለይ፣ ስሜ ሊጠፋ ነው» አሉ። ጓለይ ልጄ ማለት ነው። «የንብ አናቢዎቹ ማኅበር ነገ ስብሰባ ጠርቷል። ከማኅበሩ ሊያስወጡኝ ነው። ማሯ ስኳር ነው ብለው።»

ከማኅበሩ መውጣት ማለት ከማኅበሩ ሱቅ መደርደሪያ መውረድ ነው። ከዚያ የወረደ ማር ደግሞ በዚህ ከተማ ማንም አይገዛውም።

«ስኳር ጨምረዋል?» አለች ለተኪዳን። እንዲህ ነበረች። ሌላ ሰው መጀመሪያ ያጽናናል።

«አልጨመርኩም።»

«ስኳር ሲገዙ ታይተዋል ይባላል።»

«ገዝቻለሁ! ለንቦቼ ነው። በበጋ አበባ ሲጠፋ በሶ ሰጠኋቸው፣ ሽሮ ሰጠኋቸው፣ ስኳር በጥብጬ ሰጠኋቸው። ይሙቱ ልበል? ዝናቡ ጥሎ አበባ ሲወጣ አቆምኩ። ማሩን የቆረጥኩት ከዚያ በኋላ ነው።»

«ይህን ነግረዋቸዋል?»

«ማር ሻጭ ስኳር የሚል ቃል ከአፏ አውጥታ ትኖራለች?»

ጥርጣሬውን ያባሰው ግን ሌላ ነገር ነበር። የኣደይ ኣብረኸት ማር አልረጋም። እዚህ ላይ ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። መቀሌ ውስጥ ማር ማለት ነጭ ሆኖ፣ እንደ ቅቤ ረግቶ፣ በቢላ የሚቆረጥ ነው። ያልረጋ ማር ያየ ሰው «ውሃና ስኳር ገብቶበታል» ይላል። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ ደግሞ ከመቀሌ የወሰድኩላቸውን ነጭ ማር ቀምሰው «ስኳር ነው እንጂ ለምን ይረጋል?» ብለው መልሰውልኛል። አንዱ ከተማ በመርጋቱ ይፈርድበታል፣ ሌላው ባለመርጋቱ። ሁለቱም በሙሉ ልብ ነው የሚፈርዱት፤ ሁለቱም አያት ቅድመ አያታቸውን ምስክር ይጠራሉ።

«ሁለቱም ተሳስተዋል» አለች ለተኪዳን። «ማር ውስጥ የሚረጋው ግሉኮሱ ነው። ፍሩክቶስ ፈሳሽ ሆኖ መቆየት ይወዳል። የትኛው እንደሚበዛ የሚወስነው አበባው ነው። ቀፎዎቹን ዘንድሮ የት ነው ያቆዩአቸው?»

«ወንዙ ዳር፣ ግራሮቹ ሥር አወረድኳቸው።»

«ይኸው፤ አበባው ተለውጧል። ነገ አብሬዎት እመጣለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ሦስታችን ወደ ስብሰባው ሄድን። ሁለቱ ሴቶች ከፊት እያወሩ፣ እኔ ከኋላ ዕቃውን ተሸክሜ። ዕቃው እሷ ራሷ የሠራችው ነበር። የዩኒቨርሲቲው መሣሪያ ከጠፋ ወዲህ ከተሰበረ ላፕቶፕ ስክሪን ላይ የላጠችውን ቀጭን ፕላስቲክ ሁለት ቦታ ቆርጣ፣ አንዱን ከረጅም ብርጭቆ ሥር፣ አንዱን ከላይ አድርጋ፣ የላይኛውን የሚዞር አድርጋዋለች። ዙሪያው ላይ የተማሪ ፕሮትራክተር ተለጥፏል። ሲያዩት የመንደር አስማተኛ ዕቃ ይመስላል። እውነቱን ለመናገር አብሬ በመሄዴ አፍሬ ነበር።

ስብሰባው በትግርኛ ነው የተካሄደው፤ በአማርኛ ሳስቀምጠው ጣዕሙ ቢቀንስ ጥፋቱ የኔ ነው። ሊቀመንበሩ ኣይተ ግደይ (ኣይተ አቶ ማለት ነው) የሚባሉ፣ ኮታቸውን እስከ ላይ የሚቆልፉ፣ ጨዋ ሰው ነበሩ። ኣደይ ኣብረኸትን አይጠሏቸውም። ለማኅበሩ ስም ነው የሚጨነቁት፤ ያ ደግሞ ከጥላቻ የባሰ ነው፣ ጥላቻን ማባበል ይቻላል።

«መምህርት፣ እንግዳ ነሽና እናከብርሻለን» አሉ። «ግን ማርን የምናውቀው እኛ ነን።»

«ልክ ነው፣ ኣይተ ግደይ። እኔ ማር አላውቅም። ስኳር ነው የማውቀው። እናንተ ደግሞ ዛሬ የተሰበሰባችሁት ስለ ስኳር ነው።»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ኣይተ ግደይ «ቀጥዪ» አሉ።

መጀመሪያ ዕቃውን አሳየቻቸው። «ብርሃን በዚህ ፕላስቲክ ሲያልፍ ቢላ በግድግዳ ስንጥቅ እንደሚያልፍ ነው፤ በአንድ በኩል ቆሞ ብቻ። የላይኛውን ፕላስቲክ ባጋድመው መንገዱ ይዘጋል፣ ይጨልማል። አሁን መካከሉ ላይ ስኳር በውሃ በጥብጬ አደርጋለሁ። ስኳር ብርሃኑን ይጠመዝዘዋል፤ ስለዚህ ጨለማውን ፍለጋ ፕላስቲኩን ማዞር አለባችሁ። ወዴት እንደምታዞሩት ተመልከቱ።» ከሥር ባትሪ አበራች፣ ባትሪው ላይ ቀይ ላስቲክ ጠቅልላለች። የፈለገ ሁሉ ተራ በተራ እያጎነበሰ አየ። ስኳሩ ወደ ቀኝ ዞረ፤ በደንብ ዞረ።

«አሁን የእርስዎን ማር ይስጡኝ።»

ኣይተ ግደይ ቅር አላቸው፤ ግን ሰጡ። ነጭ፣ የረጋ፣ የሚያምር ማር ነበር። በሞቀ ውሃ አሟሟችው፣ በጨርቅ አጠለለችው። ዞረ፤ በትንሹ፣ ግን ወደ ግራ።

«እንኳን ደስ ያለዎት። ማርዎ ማር ነው።»

«እሱንማ አውቀዋለሁ።»

«ያውቁት ነበር። አሁን ታየ።» ከዚያ የእሳቸውን ማርና ስኳሩን እኩል ቀላቀለችው። ወደ ቀኝ ሄደ። «ማር ውስጥ ንቧ ሁለቱን አላቅቃቸዋለች። ሲላቀቁ ግሉኮሱ ወደ ቀኝ ይስባል፣ ፍሩክቶሱ ወደ ግራ፤ ፍሩክቶሱ ጉልበተኛ ስለሆነ ያሸንፋል። ስኳር በብዛት የደባለቀ ሰው ግን ብርሃኑ ወደ ቀኝ ያጋልጠዋል። ማሩ ረጋ አልረጋ ብርሃኑ ግድ የለውም።»

ኣደይ ኣብረኸት የማር ጣሳቸውን አቀበሉ። ለተኪዳን ፈሳሹን ማር በጠበጠች፣ ብርጭቆውን ሞላች፣ ከዚያም ከዕቃው ራቅ ብላ ቆመች።

«ኣይተ ግደይ፣ እርስዎ ያዙሩት።»

ሽማግሌው ኮታቸውን ፈትተው አጎነበሱ። መጀመሪያ ወደ ቀኝ አዞሩት። ቆዩ። መለሱት። ኣደይ ኣብረኸት የነጠላቸውን ጫፍ ጣታቸው ላይ ይጠመጥማሉ። ሰውየው ወደ ሌላው በኩል አዞሩ፣ ቆሙ፣ ደግመው አዞሩ፣ ያው ቦታ ላይ ቆሙ።

«ጸጋም» አሉ። ግራ ማለት ነው። ቀና ሳይሉ ደገሙት። «ጸጋም እዩ።»

ሴቶቹ እልል አሉ። ለተኪዳን መነጽሯን አውልቃ መወልወል ጀመረች። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ለሁላችንም ጥሩ ነበር። ከኋላ ግን አንድ ባለ ኮፍያ ሰው ተነሣ።

«መምህርት፣ ንቧ ራሷ ስኳር በልታ ማር ብትሠራስ? ዕቃሽ ያሳያል?»

አያሳይም ማለት መሸነፍ ነው። ያሳያል ማለት ውሸት ነው። «ይህ ከዛሬ አጀንዳ ውጭ ነው» ማለት ደግሞ ነበር፤ እኔ ብሆን ይህን ነበር የምለው። ቀሚሷን ልጎትት ምንም አልቀረኝም።

«አያሳይም» አለች ለተኪዳን። «ንቧ ስኳሩን ሆዷ ውስጥ ታላቅቀዋለች። ብርሃኑ ወደ ግራ ይሄዳል፣ እኔም ተታልዬ እመለሳለሁ።»

አዳራሹ ተንጫጫ። «ታዲያ!» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው መጣ። ኣይተ ግደይ ጠረጴዛ መቱ። ኣደይ ኣብረኸት ለተኪዳንን ያያሉ።

«ጨርሻለሁ አላልኩም!» አለች ለተኪዳን፤ ያን ድምፅ ዝምተኛ ያላት ሰው በሰማው። «ዕቃዬ እዚህ ላይ ያበቃል። ከዚህ በኋላ ሰው ነው የምጠይቀው። ባለፈው በጋ ለንቡ ስኳር ያልሰጠ እጁን ያውጣ።»

ማንም አላወጣም።

የአንዱ ዓይን ጣሪያው ላይ፣ የሌላው ጫማው ላይ ነበር። ባለ ኮፍያው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። የኣይተ ግደይ እጅ ከጠረጴዛው ተነሣ፤ እጁ ግንባራቸው ጋ ደርሶ ላባቸውን ጠረገና ወረደ። መጀመሪያ የሳቁት ሴቶቹ ናቸው። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ለካ አዳራሹ ሙሉ ሰው በየግሉ፣ ራቅ ካለ ሱቅ፣ ተደብቆ ስኳር ሲገዛ ነው የከረመው። እያንዳንዱም ኃጢአቱን ብቻውን የሠራ መስሎት፣ የተያዘችውን አንዲት ሴት ሊወግር መጥቶ ነበር።

«አበባ ሳይኖር ቀፎ ከሚሞትብኝ...» ብለው ጀመሩ ኣይተ ግደይ።

«እኔስ ምን አልኩ!» አሉ ኣደይ ኣብረኸት፤ ከመጣን ጀምሮ የመጀመሪያ ቃላቸው ነው። «አበባ ሲወጣ አቁመዋል ወይስ አላቆሙም?»

«አቁሜያለሁ እንጂ!»

«እኔም አቁሜያለሁ። ከሌላው ሰው በምን ተለየሁ? በመታየቴ ነው?»

ኣይተ ግደይ ኮታቸውን ቆልፈው፣ እንደ ሊቀመንበር ቆመው፣ ክሱ መነሣቱን ተናገሩ። ደግሞም የማይረጋው ማር ሱቁ ውስጥ ለብቻው መደርደሪያ እንዲኖረው፣ ለገዢውም ምክንያቱ እንዲነገረው ሐሳብ አቀረቡ። በሙሉ ድምፅ አለፈ። ባለ ኮፍያው ሁለት እጁን ነው ያወጣው።

ስንመለስ ለተኪዳን መንገዱን ሞልታ ነበር የምትሄደው። የምታውቀውን ሰው ሁሉ እያስቆመች ትነግራለች። እኔ ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር።

«ማሩን ትናንት ቤት ሞክረሽው ነበር አይደል?»

«አልሞከርኩም።»

«እንዴት? ወደ ቀኝ ዞሮ ቢሆንስ?»

«ወደ ቀኝ ዞሯል እል ነበራ። በዚያው ድምፅ።» ቆም አለች። «አስቀድሜ ሞክሬ፣ ጥሩ ሲሆን ብቻ ይዤ ብሄድ ያ ምርመራ አይደለም፣ ቲያትር ነው። ለእሳቸው ግን ነግሬያቸዋለሁ። ጠዋት መንገድ ላይ፣ ከፈሩ እንመለስና ቤት እንየው ብያቸው ነበር።»

«እምቢ አልኳት» አሉ ኣደይ ኣብረኸት፣ ዞር ሳይሉ።

«አልፈሩም?»

«ሰው ፈርቻለሁ። መብራቱን ለምን እፈራለሁ? ጎረቤት የለው፣ ዘመድ የለው።»

ከኋላችን የሩጫ ድምፅ ሰማን። ኣይተ ግደይ ናቸው፤ ኮታቸው ዳግመኛ ተፈትቷል። ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ ከዚያ ከማይረጋው ማር አንድ ኪሎ ለቤታቸው እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ዋጋውን ጠየቁ። ኣደይ ኣብረኸት ነገሯቸው።

«ኧረ ኣብረኸት! ጠዋት እኮ በዚህ ዋጋ አልነበረም።»

«ጠዋት የሌባ ማር ነበር» አሉ ኣደይ ኣብረኸት ጣሳውን እየከፈቱ። «የሌባ ዕቃ ይረክሳል። አሁን የኔ ነው።»